ሰባት ዓመት እሷን ስናስመረምር ኖርን፤ ችግሩ እኔ ጋ ነበር

ሰላም ለሁላችሁም። ዕድሜዬ 37 ነው፤ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ከተጋባን ሰባት ዓመታችን፤ ልጅ የለንም። በነዚህ ዓመታት ባለቤቴ ያልገባችበት ክሊኒክ የለም። አልትራሳውንድ፣ የሆርሞን ምርመራ፣ ማህፀን ውስጥ ቀለም ተረጭቶ የሚነሳው ራጅ፣ ሁሉንም ብቻዋን አየችው። ራጁን የተነሳች ቀን ሆዷን ይዛ በታክሲ ወደ ቤት ስትመለስ እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። እንጦጦ ማርያም ተጠምቃለች። ለቁልቢ ገብርኤል ተስላለች። የእሷ የሕክምና ወረቀት አንድ ፌስታል ሞልቷል። የእኔ የሚባል ወረቀት ግን አንድም አልነበረም። ማንም እንድመረመር አልጠየቀኝም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። እናቴ ጭራሽ ሌላ እንዳገባ በዘመድ በኩል ታስነግረኝ ጀምራ ነበር።

ባለፈው ዓመት አንድ ሐኪም ፌስታሉን ሙሉ አገላብጦ አየና ቀና ብሎ የባል ውጤት የት እንዳለ ጠየቀን። ተያየን። በሳምንቱ ስሜ በፕላስተር የተለጠፈባት ትንሽ ብልቃጥ ይዤ አንዲት ጠባብ ሽንት ቤት ገባሁ። መቀርቀሪያው አይይዝም ነበር፤ በአንድ እጄ በሩን ገፍቼ ይዤ ነው ናሙናውን የሰጠሁት። ውጤቱ ዜሮ መጣ፤ አንድም የወንድ ዘር አልታየም። ከሦስት ወር በኋላ ደገምነው፤ አሁንም ዜሮ። ከዚያ የክሮሞዞም (ህዋስ ውስጥ ከወላጅ የሚወረሰውን መረጃ የሚይዘው ክፍል) ምርመራ ታዘዘልኝና ደሜ ወደ ውጭ ተላከ። ከአንድ ወር በላይ ጠብቀን የመጣው ወረቀት 47 ኤክስ ኤክስ ዋይ ይላል። ክላይንፌልተር ይባላል አሉኝ። የዘር ችግር ነው ተብዬ ወጣሁ፤ ከዚያ በላይ ያስረዳኝ የለም።

የዘር ችግር ማለት ከእናትና ከአባቴ የወረደ ነው? ወንድሞቼስ ላይ ይኖራል? የመውለድ ተስፋዬ በቃ ተዘጋ? ለእናቴስ በምን አፌ ልንገራት? የምታውቁ እባካችሁ።

ይሄን ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት ሆነ። መልሶቹ ተደራርበው ማን ለማን እንደመለሰ ስለማይለይ፣ አዲስ ለሚገባ ሰው እንዲመቸው በየቁጥራቸው በራሴ አነጋገር ላስቀምጣቸው።

መልስ 1። ከባሕር ዳር የጻፈች እህት ናት። አይዞህ ካለችኝ በኋላ የራሷን አወጋች። አራት ዓመቷ ነው፤ እሷም እንደ ባለቤቴ ፌስታል አላት። ባሏ ግን ተመርመር ሲባል ወንድነቱ የተነካ ይመስለዋል፤ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አስይዛለት ሁለቱንም ቀርቷል። እኔን ማን እንዳሳመነኝ ጠየቀችኝ። ያሳመነኝ ሰው የለም፤ አፍሬ ነው የሄድኩት። ያን ፌስታል ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ሳየው አፈርኩ።

መልስ 2። ላብራቶሪ ውስጥ የሚሠራ ወንድም ነው። ዜሮ የሚባለው ናሙናው በማሽን ተሽከርክሮ የዘቀጠው ከታየ በኋላ መሆኑን፣ ያም ሁለት ጊዜ መደገም እንዳለበት አስረዳ። የወንድ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ነው ከወራት በኋላ የሚደገመው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ዝቅተኛው ልክ በአንድ ሚሊ ሊትር 16 ሚሊዮን ነው። ከዚያ በታች ማለት ግን መካን ማለት እንዳልሆነ ጨመረበት። ከ5 ሚሊዮን በታች የሆነ ወይም ጨርሶ ዜሮ የሆነ ሰው ግን የክሮሞዞምና የዋይ ክሮሞዞም ጉድለት ምርመራ ቢያደርግ እንደሚገባ ጻፈ። ብዙ ሰው ይሄን ሳያደርግ በቀጥታ ቀዶ ጥገና ውስጥ ገብቶ ብሩን ይጨርሳል።

መልስ 3። ይሄኛው በቁጣ ነው የመጣው። ነገሩ ሁሉ የፈረንጅ ወሬ እንደሆነ፣ አያቶቻችን ያለ ምንም ምርመራ አሥራ ሁለት ልጅ ይወልዱ እንደነበር፣ በዘር የሚወርድ መካንነት ካለ አባቴ እኔን እንዴት ሊወልደኝ እንደቻለ እንድነግረው ጠየቀ። ሚስቴን ወደ ጸበል መልሼ እንድወስዳት መከረኝ። ለባለቤቴ ያነበብኩላት ይሄን ብቻ ነበር፤ ምነው ባላነበብኩላት።

መልስ 4። የሕክምና ትምህርቷን የመጨረሻ ዓመት ላይ ያደረሰች ልጅ ናት። መልስ 3ን ሳትሰድብ ነው የመለሰችው፤ ጥያቄው እንዲያውም ጥሩ ጥያቄ ነው አለች። ከመልሶቹ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላስፋው።

ነገሩ የሚምታታው ዘር የሚለው ቃላችን ሦስት አራት ነገር ስለሚይዝ ነው። የሚዘራው ዘር ነው፣ ወገን ዘር ነው፣ የወንዱም ፈሳሽ ዘር ነው። ስለዚህ ሐኪም የዘር ችግር ሲል ሰው የሚሰማው ከአያት ከቅድመ አያት የወረደ እርግማን ነው። እሷ ግን የዘረመል ችግር እንድንል መከረች። የዘረመል ችግር ሁሉ ከቤተሰብ የወረደ አይደለም። የእኔ ለምሳሌ ጨርሶ የወረደ አይደለም። የወንድ ልጅ ህዋስ አንድ ኤክስና አንድ ዋይ ክሮሞዞም ይይዛል። የእናቴ እንቁላል ወይም የአባቴ ዘር ሲሠራ ሊለያዩ የሚገባቸው ሁለት ክሮሞዞሞች ሳይለያዩ ቀሩ፤ እኔ ጋ አንድ ኤክስ ተርፎ መጣ። ግማሹ ያህል በእናት በኩል ግማሹ በአባት በኩል የሚፈጠር አጋጣሚ ነው። እናት በእርግዝና ጊዜ የበላችው ወይም የሠራችው ነገር አያመጣውም። ወንድሞቼም በዚህ ምክንያት የተለየ ስጋት የለባቸውም። ከ500 እስከ 1000 ከሚሆኑ ወንዶች አንዱ እንዲህ ሆኖ ይወለዳል፤ አብዛኞቹም ሳያውቁት ይኖራሉ። ስሙ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1942 ከገለጸው አሜሪካዊው ሐኪም ከሃሪ ክላይንፌልተር ሲሆን፣ ትርፉን ኤክስ ያገኙት ግን በ1959 እነ ፓትሪሺያ ጃኮብስ ናቸው።

ምልክቱንም ዘረዘረች። ቁመት ይረዝማል፣ በተለይ እግር። ጺም ይሳሳል። የዘር ፍሬዎች ትንሽና ጠጣር ይሆናሉ። አንዳንዱ ላይ ጡት ያጎጠጉጣል። የባልና ሚስት ግንኙነት ላይ ብዙ ጊዜ ምንም ችግር የለም፤ ለዚህ ነው ማንም የማይጠረጥረው። ይሄን ሳነብ ቁጭ አልኩ። ከቤታችን ረጅሙ እኔ ነኝ። ጺም የለኝም። በአጎቴ ወጣ ሲሉኝ ነው ያደግኩት።

በዘር ለሚወርደውም መልስ ነበራት። አባት የተበላሸ ዘረመል ተሸክሞ ራሱ ሊወልድ ይችላል፤ እናትም እንዲሁ። ከሁለቱም አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ሲደርሰው ነው ልጁ የሚቸገረው። ኤክስ ላይ ያለ ችግር ከሆነ ደግሞ እናቱ ሌላ ደህና ኤክስ ስላላት ምንም ሳይታይባት ለወንድ ልጇ ታሳልፋለች።

መልስ 5። አጭር ነው። የዚህ ሁሉ ምክንያት ጫት፣ ላፕቶፕ ጭን ላይ ማስቀመጥ፣ ጠባብ ሱሪ ነው ይላል።

መልስ 6። የላብራቶሪው ልጅ ተመልሶ መጣ። ሙቀትና ሲጋራ ቁጥሩን ሊቀንሱ ቢችሉም ትርፍ ክሮሞዞም እንደማይፈጥሩ ጻፈ። ከጉርምስና በኋላ የያዘ ጆሮ ደግፍ የዘር ፍሬን ሊጎዳ እንደሚችልም አስታወሰ። ሐኪም ሲጠይቅ የልጅነት በሽታችንን እናታችንን ጠይቀን ብንሄድ ጥሩ ነው።

መልስ 7። ከአሜሪካ፣ ከሜሪላንድ የጻፈ ሰው። ይሄን ታሪክ ሦስቴ አንብቤዋለሁ። ልጅ ሆኖ ቤት ውስጥ ቡና ሲቆላ እናቱ የቡና መቁያውን ይዛ በየተራ ስታዞር፣ ሁሉም እጁን እያራገበ ጢሱን ወደ ፊቱ ሲስብ፣ እሱም እንደነሱ እጁን ያራግብ ነበር። ምንም አይሸተውም። ሰው ሁሉ ለወጉ የሚያደርገው ነገር ይመስለው ነበር። ድምፁ ሳይጎረንን፣ ጺም ሳያበቅል ሃያ ሦስት ዓመት ሞላው። አሜሪካ ከገባ በኋላ አንዲት ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀችው ሽታ ይሸተው እንደሆነ ነበር። ካልማን የሚባል የዘረመል ችግር ነው። ፅንስ እያለን አንጎል ውስጥ ሆርሞን የሚያዝዙት ህዋሶች የሚጓዙት በማሽተቻ ነርቭ መንገድ ነው፤ መንገዱ ካልተሠራ ሽታውም ትእዛዙም አብረው ይቀራሉ። የዘር ፍሬው ራሱ ጤነኛ ነው፤ አዛዥ ነው ያጣው። ስለዚህ ትእዛዙን በመርፌ መስጠት ይቻላል። በሳምንት ሦስት ቀን ለዓመት ከምናምን ተወጋ። አሁን የአራት ዓመት ሴት ልጅ አለችው። ቡና ሲቆላ ቀድማ የምትሮጠው እሷ ናት አለ።

ለማያውቅ ሰው ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ከዘረመል የመጣ ሁሉ መድኃኒት የለውም ማለት አይደለም።

መልስ 8። የባህል መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ስልኩን ለጠፈ። በ40 ቀን ዘር ይሞላል የሚል ነው።

መልስ 9። የባሕር ዳሯ እህት ነደደች። ልክ ነበረች። ባሏ ሐኪም ቤት አልሄድ ብሎ እንዲህ ያለ ሰው ጋ ሄዶ ብዙ ብር ከፍሏል። የጠጣው ነገር ለሳምንት አስቀምጦታል። የተቸገረ ሰው ኪስ መግባት ነውር መሆኑን ጻፈች። የሻጩ ጽሑፍ በማግስቱ ተነስቷል።

መልስ 10። አንድ አባት ናቸው፤ ከጎንደር። አነጋገራቸው ደስ ይላል። አባቶቻችን ሰባት ቤት ሳይቆጥሩ የማይጋቡት ለዚህ እንደነበር፣ አሁን ወጣቱ የእናቱን አያት ስም እንኳ እንደማያውቅ በቁጭት ጻፉ። ከዚያ ወደ ልጅነታቸው ገቡና ሽማግሌ ተቀምጦ ትውልድ ሲቆጠር እንዴት እንደነበር፣ ስድስተኛው ላይ ተገናኝቶ የፈረሰ ሠርግ ሁሉ አወሩን። ከርዕሱ ወጡ ብሎ የተናገራቸው የለም።

መልስ 11። የሕክምናዋ ልጅ ናት፤ ጋሼ እያለች በአክብሮት መለሰችላቸው። ሰባት ቤት መቁጠሩ በእርግጥ እንደሚጠቅም፣ ከሁለት ወገን የሚገናኝ የተበላሸ ቅጂ የሚበዛው በሥጋ ዘመዳሞች ጋብቻ ላይ እንደሆነ አረጋገጠችላቸው። የእኔን ዓይነት አጋጣሚ ግን ሰባት ሳይሆን ሰባ ቤት ቢቆጠርም አያስቀረውም። የዋይ ክሮሞዞም ጉድለትንም አያስቀርም። ጋሼም አመስግነው ተቀበሏት። በዚያው ሌላ ዓይነት ነገረችን። የዘር ፍሬው ዘር እየሠራ ቱቦው ሳይፈጠር የቀረ ሰው አለ። የእሱ የፈሳሹ መጠን በጣም ያንሳል፤ ሐኪም በእጁ ዳስሶ ቱቦው አለመኖሩን ሊያውቅ ይችላል። ከሳንባ በሽታ ጋር የሚያያዝ፣ አውሮፓውያን ላይ የሚበዛ አንድ ዘረመል አለ፤ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ዘሩ በመርፌ ከውስጥ ሊወጣለት ይችላል። ባዶ ውጤት ሁሉ አንድ አይደለም ማለቷ ነው።

መልስ 12። ከእስራኤል የጻፈች የቤተ እስራኤል ልጅ። ባሏ የዋይ ክሮሞዞሙ አንድ ቁራሽ ጎድሎት ተገኘ። ይሄ ጉድለት በሦስት ቦታ ሊሆን ይችላል፤ ኤ፣ ቢ እና ሲ ይሏቸዋል። ኤ ወይም ቢ ሙሉ በሙሉ ከጎደለ በቀዶ ጥገና መፈለጉ ልፋት ብቻ ነው፤ ዘር አይገኝም። የባሏ ሲ ነበር። እንዲህ ካሉት ግማሽ ያህሉ ላይ ዘር ይገኛል፤ ተገኘለትም። እዚያ አገር የሴቷ ዕድሜ 45 እስኪሞላ፣ ሁለት ልጅ እስኪወለድ ድረስ ወጪውን የመንግሥት ጤና መድን ይሸፍናል። ከመጀመራቸው በፊት ግን የዘረመል አማካሪ አስቀምጣ ነግራቸዋለች፤ ወንድ ልጅ ከወለዱ ያንኑ ጉድለት ይወርሳል፣ ምክንያቱም ዋዩን የሚያገኘው ከአባቱ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት እንቅልፍ አጥተው አሰቡበት። ከዚያ ወለዱ፤ ወንድ ነው። ሲያድግ ራሷ ልትነግረው ወስናለች፤ አባቱ ላይ የደረሰው ድንገት መስማት እንዳይደርስበት።

መልስ 13። እዚህ ላይ ውይይቱ መልኩን ቀየረ። አንድ ሰው የስምንት ዓመት ልጅ እንዳለው፣ ሁለተኛ አልመጣ ብሎ ሲመረመር ቁጥሩ በጣም ትንሽ እንደሆነ ጻፈ። የመጀመሪያው ልጅ የማን ነው ወደሚል ጥርጣሬ ገብቷል። ሚስቱን አንድ ወር ሆኖታል ካላናገራት።

መልስ 14። ከዱባይ የጻፈች ሴት ናት፤ ምንም አላለሳለሰችም። ቁጥር ስላነሰ ሚስቱን የሚከስ ሰው መጀመሪያ ራሱን እንዲመረምር፣ ልጁ ይሄን ቢሰማ ምን እንደሚሆን እንዲያስብ በግልጽ ነገረችው። እኔ በጠዋት ገብቼ ሳነበው ደንግጬ ነበር፤ ግን ልክ ናት።

መልስ 15። የላብራቶሪው ልጅ ነገሩን አበረደው። ትንሽ ማለት ባዶ ማለት አይደለም። ቁጥር ከዓመት ዓመት ሊቀንስ ይችላል፤ የዋዩ ሲ ክፍል የጎደለባቸው ወንዶች እንኳ አንዳንዶቹ በወጣትነታቸው ያለ ሕክምና ወልደው በኋላ ላይ ይቸገራሉ። ኢንፌክሽንም ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። የአሁኑ ወረቀት ስለዛሬ ብቻ ነው የሚናገረው፤ ከስምንት ዓመት በፊት ስለነበረው አይናገርም። ሰውየው ከሦስት ቀን በኋላ ተመልሶ ከሚስቱ ጋር እንደተነጋገሩ ጻፈ። ዝርዝሩን አልነገረንም፤ ማንም አልጠየቀውም።

መልስ 16። መካንነት ክሊኒክ ውስጥ የሠራች ነርስ፤ ለእኔ ተስፋ ያመጣችልኝ እሷ ናት። ክላይንፌልተር ያለባቸው ወንዶች የዘር ፍሬ ውስጥ እዚህም እዚያም ዘር የሚሠሩ ጥቂት ቦታዎች ሊቀሩ ይችላሉ። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ እያየ ሲፈልግ ወደ ግማሽ በሚጠጉት ላይ ያገኛል። አንዲት ዘር በቀጥታ እንቁላል ውስጥ የምትገባበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1992 ብራሰልስ ላይ ተገልጾ ከወጣ ወዲህ ሚሊዮን ዘር አያስፈልግም፤ ጥቂት ይበቃል። የሚወለዱት ልጆች አብዛኞቹ ክሮሞዞማቸው ትክክል ነው። አንድ ነገር ግን አስጠነቀቀች። ቴስቶስትሮን የሚባለው የወንድ ሆርሞን ማነሱ ታውቆ መርፌው ቢታዘዝልኝ፣ ልጅ እንደምፈልግ ሳልናገር እንዳልጀምር። መርፌው ለጉልበትና ለአጥንት ጥሩ ነው፤ የዘር ማምረቻውን ግን ያስተኛዋል። ጂም ቤት ለጡንቻ የሚወጉትም በዚሁ ነው ቁጥራቸው ዜሮ የሚገባው። አገር ውስጥ በመንግሥት በኩል ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የመካንነት ማዕከል እንዳለም ጠቆመች።

መልስ 17፣ 18 እና 19 ስለ ዋጋና ወረፋ ነበሩ። መልስ 20 ላይ አንዲት እናት በጉዲፈቻ ስላሳደገቻት ልጇ ጽፋ፣ ዘር ስናሳድድ ቤት የሚፈልግ ልጅ መርሳት እንደሌለብን አሳሰበች። አንዱ አሁን ጊዜው አይደለም ብሎ ተቆጣት፤ እኔ ግን አልከፋኝም። ከባለቤቴ ጋር አንስተነዋል።

ለእናቴ ነገርኳት። ባለፈው እሑድ፣ መልስ 4ን እንዳለ በቃሌ ይዤ ሄጄ። ትርፍ እንጂ ጉድለት አይደለም አልኳት። ብዙ ቆይታ ባለቤቴ የት እንዳለች ጠየቀችኝ። ቤት ናት ስላት ነጠላዋን አነሳችና ውሰደኝ አለች።

መልስ 21። ሳልጠብቀው መልስ 3 ተመልሶ መጣ። ስለ አያቶች ምንም አላነሳም፤ ይቅርታም አላለም። ለወንዱ ምርመራ ስንት ቀን ከሚስት መራቅ እንደሚያስፈልግ፣ ቤት ውስጥ መስጠት ይቻል እንደሆነ ብቻ ጠየቀ። ይሄን እኔ ራሴ መለስኩለት። ከሁለት ቀን ያላነሰ፣ ከሰባት ያልበለጠ። ብልቃጡን ቀድመህ ከላብራቶሪው ውሰድ፤ የቤት ዕቃ እንዳትጠቀም። ከሰጠህ በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪው አድርሰው። የጠዋት ብርድ እንዳያገኘው ጃኬትህ ውስጥ፣ ከሰውነትህ አስጠግተህ ያዘው። የፈሰሰ ካለ ምን ያህል እንደፈሰሰ ንገራቸው፤ ቁጥሩን ስለሚያሳስት ነው። ከመሄድህ በፊት ደውለህ ጠይቅ፤ ሁሉም ቀን ላይቀበሉ ይችላሉ።